ማን አነሳት?

«ማን አነሳት?» አሉ አማቱ።

መነጽር ሠሪው መዶሻውን እንደያዘ ዞር አለ። ምስማሩን መትቶ፣ ፍሬሙን ሰቅሎ፣ ወደኋላ ፈቀቅ ብሎ መቃናት አለመቃናቱን እያየ ነበር። ፍሬሙ ውስጥ ያለው ካለፈው ቅዳሜ ጋዜጣ ላይ ተቆርጦ የወጣ ፎቶ ነው። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት፣ ውሃ በሚወርድበት የድንጋይ ደረጃ ግርጌ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ቀና ብለው፣ ቀኝ እጃቸውን ወደሚያያቸው ሰው ዘርግተዋል። ከላይ በጉልህ «ተስፋ» የሚል አንድ ቃል ተጽፏል፤ ከታች ደግሞ ጉንዳን በሚያህሉ ፊደላት የመነጽር ሠሪው ስም አለ።

«እኔ ነኛ ያነሳኋት፣ እማዬ» አለ፤ ጥያቄው ራሱ ገርሞታል። «ስሜም ከሥር ተጽፏል እኮ።»

«እሱንማ ልጄ አንብባልኛለች።» አማቱ ከሶፋው ጥግ፣ ከለመዱት ቦታ ሆነው የትራስ ልብስ ይሰፋሉ። ዓይናቸውን ከመርፌው አላነሱም። «ከመሬት ማለቴ ነው። ከወደቀችበት ማን አነሳት?»

መነጽር ሠሪው ወደ ፎቶው መለስ ብሎ አየ። ፎቶን በተመለከተ ለማንም፣ ስለምንም፣ ሳይጠየቅም ጭምር መልስ ያለው ሰው ነው። እንጀራው መነጽር ቤት ጓዳ ተቀምጦ ሌንስ እየሞረደ ፍሬም ውስጥ መግጠም ይሁን እንጂ፣ ነፍሱ ያለችው አንገቱ ላይ በሚያንጠለጥለው አሮጌ ካሜራ ላይ ነው። ዙም ሌንስ እግሩን ለሚሰስት ሰው ነው ይላል፤ መቅረብ የፈለገ ይራመዳ! ስለዚህም ካሜራው ላይ ያለችው አንዲት የማትረዝም የማታጥር ሌንስ ናት፤ የሰው ፊት አጥርቶ ለማንሳት ሰውየው ክንድ ሥር ድረስ መሄድ አለበት። ፎቶ ከተነሳ በኋላ መነካካትን በሐሰት እንደመመስከር ነው የሚቆጥረው። ሰማይ ማድመቅ፣ ሽብሽብ ማጥፋት፣ ጠርዝ መቁረጥ፣ ሁሉም እሱ ዘንድ ያው ነው፤ «መቀስ የገባበት ፎቶ ግማሽ ውሸት ነው» ይላል። ከሁሉ በላይ የሚበሽቀው ግን በዜና ፎቶ አንሺዎች ነው። የሰው መከራ ላይ እንደ ዝንብ ይወርዳሉ፣ ማንንም አያስፈቅዱም፣ አንስተው ውልቅ ይላሉ። ሳይጠይቁ ማንሳት ከኪስ አውላቂነት በምን ይለያል? ይህን የሚጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ ጎረቤቱን ነው፤ ጎረቤቱም ስለ ፎቶ ምንም ስለማያውቅ «በምንም» ብሎ ይገላገላል።

የ«ተስፋ»ን ታሪክ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ሲያወራ የሰነበተውም ለዚሁ ነው። በዚያ ደረጃ ሲያልፍ ሴትየዋ ራሷ ጠራችው። መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ካሜራውን አይታ፣ እጇን ዘርግታ፣ «አንሳኝ ልጄ» አለችው። እሱም ቀረብ ብሎ አነሳት። «ጠይቄ ሳይሆን ተጠይቄ ያነሳሁት ፎቶ!» ይላል ደረቱን ነፋ አድርጎ። እውነትም ካሜራ አንግቶ መንገድ የወጣ ሰው «አንሳኝ»ን ቀኑን ሙሉ ነው የሚሰማው፤ አንዱ ከታክሲ መስኮት ብቅ ብሎ፣ ሌላው ሱቁ ደጃፍ ቆሞ፣ ተማሪዎች ተቃቅፈው። ቃሉ ጆሮው ውስጥ አንድ ትርጉም ብቻ ይዞ ከተቀመጠ ቆይቷል። ታሪኩን የሰማ ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ አድንቋል፤ ምን ማለትህ ነው ያለው ግን አልነበረም።

አማቱ ጉልበታቸውን ከታከሙ ወዲህ እዚሁ ቤት ነው የሚኖሩት። ከእሱ ጋር ከሠርጉ ቀን ጀምሮ «እርስዎ» እየተባባሉ ነው፤ ሁለቱ ብቻቸውን ሳሎን ከተቀመጡ ቤቱ ባለጉዳይ ተራ የሚጠብቅበት ቢሮ ይመስላል። ምርኩዛቸውን ከጎናቸው ያለው ወንበር ላይ ያጋድማሉ፤ ስለዚህ እዚያ ወንበር ላይ ማንም አይቀመጥም። ክፉ ሴት አይደሉም፣ እሱም ክፉ አይደለም፤ የሚያወሩት ነገር አልነበራቸውም እንጂ። በዚህ ሁሉ ዘመን ስለ ፎቶ አንድ ነገር ቢጠይቁት ይቺኑ ጠየቁት።

«ተነስታለች እንጂ» አለ በመጨረሻ፣ መዶሻውን ከእጅ ወደ እጅ እያዛወረ። «ደህና ነበረች። ፊቷን አያዩትም እንዴ? እንዴት ደስ እንዳላት።»

አማቱ ቀና ብለው ፊቱን አዩት፤ የፎቶውን ሳይሆን የእሱን። «እንግዲያስ ደግ» አሉና ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። ሚስቱ ሻይና ዳቦ በትሪ ይዛ ገባች። «ደግሞ እማዬ ፊት ለፊት ነው የሰቀልከው? ቀኑን ሙሉ ይቺን ስታይ ትዋል?» ብላ ስኳር ልታመጣ ተመለሰች። እሱ ሻዩን በቁሙ ጠጣና ካሜራውን አንገቱ ላይ አጥልቆ ወጣ።

መንገድ ላይ ጎማ ጠጋኙ እንደ ልማዱ «አንሳን እንጂ ባለካሜራው!» ብሎ ጮኸ። በሌላ ቀን ቢሆን ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ አይቶ፣ ቆሞ፣ ተሟግቶ ነበር የሚያልፈው። ዛሬ እጁን አውለብልቦ ብቻ ሄደ። አማት ነገር ስትፈልግ ምን ታጣለች እያለ ራሱን ያጽናናል፤ የሚያጽናናው ነገር ግን እግሩን አላፈጠነለትም።

መነጽር ቤቱ ከፊት ለፊቱ መስታወት በመስታወት ነው፤ ከኋላ፣ ከመጋረጃው ወዲያ፣ የእሱ ጓዳ አለች። ሌንስ የሚሞርደው ማሽን ውሃ እያንጠባጠበ ያጉረመርማል፣ ነጭ ትቢያው ጠረጴዛውን፣ መብራቱን፣ የሬዲዮውን ጀርባ ሁሉ አልብሶታል። ካሸሯ ለክብሩ ብላ ያንኑ የጋዜጣ ገጽ ከፊት ባለው ጠረጴዛ መስታወት ሥር አስገብታዋለች። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ስለሆነ ሰው ይበዛል። እሱም የአንድ ሾፌር መነጽር እየሞረደ ሳለ ከመጋረጃው ማዶ ፍሬም የምትመርጥ ደንበኛ ድምፅ ሰማ።

«ውይ፣ እቺን ለማኝ! እንዴት አድርጎ ነው ያነሳት። እጇን ተመልከቺ፤ ስታሳዝን።»

«የኛው ሰው ነው ያነሳት» አለች ካሸሯ በኩራት። «እዚህ ጓዳ አለ።»

ማሽኑን አጠፋ። መጋረጃውን ገልጦ ወጣ። ደንበኛዋ አንዱን ፍሬም ዓይኗ ላይ አድርጋ አንዱን ይዛ ዞረች፤ የአድናቆት ቃል ልትናገር አፏን ስትከፍት ቀደማት። «ለማኝ አይደለችም» አለ።

«ታዲያ ምንድን ናት?»

ምን እንደሆነች አያውቅም። ስሟን አልጠየቀም፣ ቤቷን አልጠየቀም። «ወድቃ ነው» ሲል የራሱን ድምፅ ሰማው። ወድቃ ነው ብሎ ተናግሮ አያውቅም ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ሲያወራ ተቀምጣ ነው ያላት። ደንበኛዋ ፎቶውን እንደገና አየችና «ጋዜጣው ላይ ግን የምትለምን ነው የምትመስለው» አለች፤ እውነቷን ነው።

ጓዳው ተመልሶ ካሜራውን ከፈተና የፎቶውን ዋና ቅጂ ፈልጎ አወጣ። ጋዜጣው የታችኛውን ክፍል እንደቆረጠው በወጣበት ቀን አይቶ በጣም ተናዶ ነበር። ለአዘጋጁም የተቃውሞ መልእክት ልኳል፤ መልእክቱ ግን ስለ መርሕ ነበር። የተቆረጠው ነገር ምን እንደነበረ መለስ ብሎ አላየም። አሁን አየው። ሴትየዋ ጎን አንድ እግር ጫማ ተወርውሮ ተጋድሟል። የእጅ ቦርሳ ተከፍቶ ማበጠሪያና ቁልፍ ድንጋዩ ላይ ተበትነዋል። ቀሚሳቸው ላይ፣ ከጉልበታቸው እስከ ወገባቸው፣ የአንድ ሰው ጥላ አርፏል፤ ክርኖቹን ወደ ጎን አውጥቶ አንድ ነገር ፊቱ ላይ የያዘ ሰው ጥላ። ከጥላው ወዲህ ደግሞ፣ ይኸ ሥራዬ ነው የሚል ሰው እንዴት እንዳላየው እንጃ፣ መነጽር ወድቋል። አንዱ ሌንስ ወልቋል።

ሌንሱን አጎላው። ጠርዙ የሳሙና ቁራጭ ያህል ወፍራም ነው። እንዲህ ያለ ሌንስ በቀን ስንቱን ይሞርዳል፤ ባለቤቶቹንም ያውቃቸዋል፤ መነጽራቸውን ተቀብሎ ሲያጸዳ የት እንደቆመ በድምፁ ነው የሚለዩት። መነጽራቸው የወደቀ እኒህ ሴት ከክንዳቸው ባሻገር ያለውን ሰው ከምሰሶ ለይተው ለማየት ይቸገራሉ። ካሜራ ማየትማ የማይታሰብ ነው። «ካሜራዬን አይታ» እያለ ያወራው ሁሉ አንድ በአንድ ትዝ አለው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። ያን ዕለት ካሜራውን ፊቱ ላይ ከማድረጉ በፊት አንዲት የዓይን ጥቅሻ የምታህል ጊዜ ሴትየዋ መውደቃቸውን አውቆ ነበር፤ ወርቃማው የከሰዓት ብርሃን ፊታቸው ላይ ባያርፍ ኖሮ እጁ ወደ እጃቸው ነበር የሚሄደው።

ስልኩ የጮኸው ያን ጊዜ ነው። የጋዜጣው የፎቶ አዘጋጅ ነበር፤ ድምፁ ሠርግ ቤት ያለ ሰው ነው የሚመስለው። ጋዜጣው የዓመቱን ምርጥ ፎቶዎች ኤግዚቢሽን ሊከፍት ነው፤ ዳኞቹ «ተስፋ»ን ለዋናው ግድግዳ መርጠዋል፤ ከመግቢያው በር ፊት ለፊት፣ ግድግዳውን የሚሞላ ሆኖ ይታተማል። «አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረን» አለ። «ከሥሩ ሁለት መስመር መግለጫ እንፈልጋለን። ማን ናት? ከዚያ በኋላስ ምን ሆነች? ሰው መጠየቁ አይቀርም። እስከ ማታ ይላኩልን።» መነጽር ሠሪው እልካለሁ ብሎ ዘጋ። ይህን ስልክ ከወጣትነቱ ጀምሮ ሲጠብቀው ኖሯል። ሚስቱ አንዳንዴ «ያ የምትጠብቀው ስልክ ደወለ?» እያለች ታሾፍበት ነበር። ደወለ፤ እሱ ግን ለሚስቱ አልደወለላትም።

ከሥራ ሲወጣ ጥግ ያለው ሻይ ቤት ወዳጁ ጥርስ ሐኪሙ ይጠብቀዋል። ጥርስ ሐኪሙ የሚገዛው ካሜራ የሚያነሳው ፎቶ ያህል የበዛ ሰው ነው፤ «መድፍ» የሚላት የክንድ ርዝመት ያላት ሌንስ አለችው፣ ለብቻዋ ወንበር ይስብላታል። ሁልጊዜ የሚከራከሩት በእሷ ነው። ዛሬ መነጽር ሠሪው አልተከራከረም፤ ዋናውን ቅጂ አሳየውና ነገሩን ነገረው። ጥርስ ሐኪሙ እየሳቀ መስማት ጀመረና መሃል ላይ ሳቁን ተወው።

«እኔ ብሆን በመድፌ ነው የማነሳት፤ ከማዶ ነበርኩ፣ አልሰማሁም ብል ሰው ያምነኛል» አለ። «በዚህች ባንተ ሌንስ ግን ይኼን ለማንሳት እጇ ሊነካህ ሲደርስ ነው። ካሜራ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያውቅብሃል።» ትንሽ አሰበና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለማንኛውም አትጨነቅ። ‘ከዚያ በኋላ ደግፌ ቤቷ አደረስኳት’ ብለህ ጻፍ። ማን ያያል?»

መነጽር ሠሪው ስኒው ውስጥ እያየ ይህችን ዓረፍተ ነገር በአፉ አገላበጣት። ጥሩ ዓረፍተ ነገር ናት፤ አጭር ናት፣ ታምራለች፣ ግድግዳ ላይም ትሄዳለች። በሕይወቱ አንድም ፎቶ መቀስ አላስነካም፤ ይህችን ቢጽፍ የመጀመሪያው ይሆናል። ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ።

ደረጃው ላይ ውሃው አሁንም ይወርዳል። ከላይ የፈነዳ ቧንቧ ነው፤ ለሚመለከተው ክፍል ተነግሯል እየተባለ ድንጋዩ አረንጓዴ ነገር አብቅሏል። ከግርጌው አንዲት መንገድ ጠራጊ ቅጠሉን እየሰበሰበች ነበር። ባለፈው እዚህ ስለወደቁ ሴት ሲጠይቃት መጥረጊያዋን ተደግፋ ቆመች።

«አዋላጇን ነው?» አለች። «እኔ ነኝ ያነሳኋቸው። ከዚያ ማዶ ሆኜ ጫማቸው ሲወድቅ አየሁና መጥረጊያውን ጥዬ ሮጥኩ። አንድ ሰው አብሯቸው ነበር፤ እሱ ያነሳቸዋል ብዬ መለስ ልል ነበር እኮ። ደግነቱ አልተመለስኩም።» ይህን እያለች ዓይኗ አንገቱ ላይ ካለው ካሜራ ላይ አረፈ። በመጥረጊያዋ እጀታ ከደረጃው ኋላ ያለውን ሰማያዊ በር አሳየችውና ወደ ቅጠሏ ተመለሰች።

አዋላጇ የሚኖሩት ግቢው ውስጥ ተደርድረው ከተሠሩት ክፍሎች በመጨረሻው ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ መስኮቱ ሥር ወንበር፤ ግድግዳው ላይ ነጭ ጋዋን የለበሱ ሴቶች ተሰልፈው የተነሱት የደበዘዘ ፎቶ። ግራ እጃቸው በጀሶ ታስሮ አንገታቸው ላይ በሻሽ ተንጠልጥሏል። በሩ ላይ የቆመውን ሰው ዓይናቸውን አጥብበው አዩት።

«ማነው?»

«መነጽር ሠሪ ነኝ፣ እናቴ» አለ። ሊል የመጣው ሌላ ነበር።

«መነጽር ሠሪ? ማን ላከህ? ወይ ጉድ፣ ዘንድሮ ባለሙያ በየቤቱ መዞር ጀመረ» አሉና ሳቁ። «ግባ፤ መጥተህልኛል። ይኸው፣ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሌንሱ አልሰበር ብሎ ተርፏል፤ እኔ ነኝ የተሰበርኩት።»

መነጽሩን አነሣ። የካሜራውን ማንገቻ ወደ ጀርባው ገፋ አድርጎ ከኪሱ ቀጭኗን መፍቻ አወጣና ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ፍሬሙ ተጣሟል፤ በሁለት ጣቱ እያግባባ ያቀናው ጀመር። እጁ ሥራ ሲይዝ አፉ ይፈታል ብሎ ነበር፤ የተፈታው ግን የአዋላጇ አፍ ነው። ለብዙ ቀን የሚያዋራ ሰው ያጣ ሰው እንደሚያወራው፣ ማንነቱን ሳይጠይቁ፣ የወደቁበትን ቀን ይነግሩት ጀመር።

«እግሬ አዳለጠኝ። መነጽሬ በረረ። እንግዲህ እኔ ያለሱ ዕውር ነኝ፤ የሚታየኝ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው። እንዲያ ተቀምጬ አንድ ሰው ሲመጣ አየሁ። መልኩ አይታየኝም፣ ግን ሰው ነው። እንዴት ደስ አለኝ መሰለህ! ‘አንሳኝ ልጄ’ ብዬ እጄን ዘረጋሁለት። ቀረበ። በጣም ቀረበ እኮ፣ ትንፋሹ ይሰማኛል። አሁን ይይዘኛል፣ አሁን ይይዘኛል ስል፣ ቀጭ የሚል ነገር ሰማሁ። ከዚያ ‘አመሰግናለሁ’ ብሎኝ ሄደ።» የታሰረውን እጃቸውን በሻሹ ላይ አስተካከሉ። «ምን አድርጌለት እንዳመሰገነኝ እስካሁን ሳስበው እኖራለሁ።»

መፍቻዋ ከብሎኑ ላይ ተንሸራተተች። እንደገና ያዛት።

«ኋላ ጋዜጣ ላይ ወጥተሻል አሉኝ። ለማኝ መስዬ። የልጄ አማቶች አይተው ‘እናትሽ ትለምናለች እንዴ?’ ብለው ደወሉላት። እሷም እኔ ላይ አለቀሰችብኝ። ይኼ ሰፈር ግማሹ እኮ በኔ እጅ ነው የተወለደው፤ አሁን ሲያልፉ እያዘኑልኝ አንገታቸውን ሰበር ያደርጉልኛል። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ሲባል እሰማ ነበር፤ ካሜራ እንደሚበዛበት ያወቅኩት ግን አሁን ነው።»

ሌንሱ ቀጭ ብሎ ቦታው ገባ። መነጽር ሠሪው በሸሚዙ ጫፍ ወለወለው፣ ተነሥቶ ጆሯቸው ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠላቸው፣ አፍንጫቸው ላይ አስተካከለው። አዋላጇ ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት አድርገው ፊቱን ማየት ጀመሩ። ከፊቱ ወርደው ማንገቻውን አዩ።

«እኔ ነኝ፣ እናቴ» አለ።

«ምኑ?»

«ያነሳሁዎት። ያላነሳሁዎት።»

ግቢው ውስጥ አንድ ሰው ባልዲ ይሞላል፤ ውሃው ባልዲው አፍ ሲደርስ ድምፁ ተለወጠ፣ ከዚያ ቧንቧው ተዘጋ። መነጽር ሠሪው ያፈረውን ያህል በሕይወቱ አፍሮ አያውቅም። ጋዜጣው፣ ዳኞቹ፣ የመጣ እንግዳ ሁሉ ያደነቁት ያ በአዋላጇ ፊት ላይ የበራው ነገር ለእሱ ነበር የበራው። ሰው መጣልኝ ብለው ነው። እሱም ያንኑ አንስቶ ሄደ።

«አሳየኝ» አሉ አዋላጇ በመጨረሻ።

ካሜራውን አውልቆ ዋናውን ቅጂ ከፍቶ ሰጣቸው። በደህናው እጃቸው ዓይናቸው ሥር አስጠግተው አዩት። ጫማቸውን አዩ፣ ቦርሳቸውን፣ መነጽራቸውን። ጣታቸው ጥላው ላይ ቆመ።

«ይኼ አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«ጋዜጣው ላይ አለህ?»

«የለሁም። ፎቶውን ያበላሻል ብለው ቆርጠውታል።»

«ነገሩ ገባኝ» አሉ። «አንተን አውጥተው እኔን ብቻዬን እጄን አስዘርግተው አስቀሩኝ። እኔ ለአላፊ አግዳሚው አይደለም የዘረጋሁት፤ ላንተ ነው። ጥላህን መልስልኝ። ጥላህ ካለ ለማኝ አይደለሁም።»

ካሜራውን ይዞ ደጃፍ ወጣና ስልኩን አወጣ። አዘጋጁ መግለጫው የደረሰ መስሎት «እሺ፣ እየጻፍኩ ነው» አለ። መነጽር ሠሪው ፎቶው ሙሉውን፣ ከነጥላው፣ እንዲሰቀል እንደሚፈልግ ነገረው። አዘጋጁ በትዕግሥት አስረዳው። ጥላው ዓይን ይሰርቃል። የፎቶው ውበት ማንም በሌለበት የተዘረጋ እጅ መሆኑ ነው፤ ዳኞቹ የመረጡትም እሱን ነው። ከጥላው ጋር ከሆነ ተራ የመንገድ ላይ አደጋ ነው፤ ደግሞ ለእርስዎም ጥሩ አይደለም፣ ሰው ምን ይላል? ከነጥላው ከሆነ እንግዲህ ዋናው ግድግዳ ለሌላ ፎቶ ይሰጣል። መነጽር ሠሪው ስልኩን ጆሮው ላይ ይዞ ደረጃውን ተመለከተ። ግድግዳው በዓይኑ ላይ ዞረ፤ መግቢያው በር፣ ከፊት ለፊቱ ያ ሁሉ ስፋት፣ ሚስቱ አዲስ ልብስ ለብሳ፣ ጥርስ ሐኪሙ ቅናት ይዞት። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እያለ ሲቀልድ የኖረው ለዚያች ቀን ነበር።

«እንግዲያው ለሌላ ይሰጥ» አለ። «ግን የሚቀጥለው እትም ላይ እርማት አውጡልኝ። ሴትየዋ ለማኝ እንዳልሆኑ፣ ወድቀው እንደነበር ጻፉ። ስሜን ካወጣችሁ አይቀር አስተካክላችሁ አውጡት። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ሴትየዋን ያነሳቻቸው መንገድ ጠራጊዋ ናት።»

አዘጋጁ ሳቀ። «ቅኔ ነው እንዴ?»

«እርማት ነው።»

ሲመለስ አዋላጇ መስኮቱ ሥር ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ደህናውን እጃቸውን አነሱበት። «እሱን ዛሬ አልሰማህም» አሉት። «መጀመሪያ ጋዜጣውን ይዘህ ና፤ በራሴ ዓይን ላንብበው። አሁን በሩን ገርበብ አድርግልኝ፣ ብርዱ ይገባል።» በሩን ገርበብ አድርጎላቸው ወጣ። ደረጃው ጋ ሲደርስ መንገድ ጠራጊዋ ሄዳለች፤ ቅጠሉ ጥግ ይዞ ተከምሯል።

ቤት ሲደርስ ፀሐይ ገና አልገባችም። ሳሎኑ ውስጥ ሬዲዮው ዝግ ነው፣ አማቱ እዚያው ጥጋቸው ላይ ናቸው፤ ጠዋት የጀመሩት የትራስ ልብስ አልቆ ሌላ ይዘዋል። ከፊት ለፊታቸው «ተስፋ» ተሰቅላለች። ጫማውን አውልቆ መሃል ወለሉ ላይ ቆመ።

«መንገድ ጠራጊዋ ናት» አላቸው።

መርፌው ቆመ። «ምኗ?»

«ያነሳቻቸው። መጥረጊያዋን ጥላ ሮጣ።»

አማቱ ራሳቸውን ቀስ ብለው ነቀነቁ። ሚስቱ ከወጥ ቤት ሳህን ታንኳኳለች። «እርስዎስ?» አሉት።

ጠዋት እዚያው ቦታ ላይ ቆሞ፣ መዶሻ ይዞ፣ ደረቱን ነፍቶ «ያነሳኋት» ብሎ የተናገረው ቃል ነበር። አሁንም ሌላ ቃል አልነበረውም።

«እኔ ፎቶ ነው ያነሳሁት» አለ።

አማቱ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰኩ። ከጎናቸው ካለው ወንበር ላይ ምርኩዛቸውን ወስደው ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። ከዚያ በአገጫቸው ግድግዳውን እያመለከቱ፣

«በል እሱን አንሳውና ና ተቀመጥ፣ ልጄ» አሉት።